መጋቢት ብዬ የጻፍኩት ሐምሌ፦ ከጉለሌ ወደ ጉማራ

ይህን ጉዞ የሄድኩት ለመዝናናት አይደለም። የጣናን ገዳማት ለመሳለም፣ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ለማየት የሚሻ አንባቢ የሌላ ሰው ጽሑፍ ይፈልግ፤ እኔ ሐይቁ ዳር አድሬ አንድም ገዳም ሳልረግጥ ተመልሻለሁ። የሄድኩት ዓሣ በክረምት የሚገባበትን ወንዝ ለማየት ነው። ተናድጄ ሄድኩ፣ ይበልጥ ተናድጄ ተመለስኩ። ከደብተሬ አውጥቼ በወጉ የጻፍኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ ቢሆንም ንዴቱን አላለዘብኩትም።

ነገሩ የጀመረው ጉለሌ፣ ከጳውሎስ በላይ ባለው ቤታችን፣ ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ቀን ነው። ታላቅ እህቴ አልማዝ ለጾሙ ዓሣ ገዝታ መጣች። አባታችን በሕይወት ሳለ ዓሣ ያስገድፋል ባይ ነበር፤ እሷ ግን እሱ ከሞተ ወዲህ ሃይማኖቷን በዚህ በኩል አስፍታለች። ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላ የዓሣውን ሆድ ስትሰነጥቀው እንደ ማሽላ ፍሬ ያለ ቢጫ እንቁላል ተዘረገፈ። አንድ ጭብጥ አይደለም፣ ሳህን የሚሞላ ነው።

«ሌባ፤ እንቁላሉን ነው መዝኖ የሸጠልኝ» አለችና ለድመቷ ወረወረችው።

«የየት ዓሣ ነው?»

«የጣና ነው ብሏል። ምን ቆመሽ ታያለሽ? እንቁላል አይተሽ አታውቂም? ዶሮም አላት።»

«ዶሮ እቤቷ ነው የምትጥለው» አልኳት።

«ስንዱ፣ በባዶ ሆድሽ አትፈላሰፊብኝ።»

እኔ ግን የቆምኩት ሌላ ነገር ታይቶኝ ነው። ያን ጊዜ የዓሣ ጉዳይ በሚመለከተው አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሀ ሁ የቆጠርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል ላይ ይጨክናል፤ ኃላፊዎቼ የሚሰጡኝን ረቂቅ ሁሉ አርሜና አስተካክዬ እንጂ እንዳለ ተይቤ አላውቅም። በዚያ ዓመት ጥር ላይ አንድ ረቂቅ መጣልኝ። አንድ ፈረንጅ ባለሙያ ጣናን አጥንቶ፣ ዓሣው ዓመቱን ሁሉ ሐይቁ ውስጥ ቢኖርም ለመራባት ጊዜው ሲደርስ ወደ ወንዞቹ እንደሚወጣ፣ ያኔ የወንዙ አፍ በመረብ ከታጠረበት ዘሩ እንደሚመናመን ጽፏል። ረቂቁ «ከ7ኛው ወር እስከ 9ኛው ወር የወንዞች አፍ ለመረብ ዝግ ይሁን» ይላል። እኔ በመንግሥት ደብዳቤ ላይ ወር በቁጥር ሲጻፍ አልወድም። በጣቴ ቆጠርኩ። መስከረም አንድ፣ ጥቅምት ሁለት እያልኩ መጋቢት ላይ ሰባት፣ ግንቦት ላይ ዘጠኝ ሞላልኝ። «ከመጋቢት 1 ቀን እስከ ግንቦት 30 ቀን» ብዬ በንጹሕ ወረቀት አሳምሬ ተየብኩት። የፈረንጅ ዓመት የሚጀምረው በታኅሣሥ ማለቂያ መሆኑ፣ ሰባተኛ ወሩም የሚገባው ሰኔ ሲያልቅ መሆኑ ውል አላለኝም። ወንዙን በበጋ ዘግቼ በክረምት ከፈትኩት።

ከእኔ በኋላ አራት ሰው ፈረመበት። አንድ ሰው ቢያነበው ኖሮ ይህ ጉዞ አይኖርም ነበር።

በማግስቱ ለአለቃዬ ነገርኩት። ስልክ ጆሮው ላይ ይዞ እያዳመጠ፣ «ጓዲት ስንዱ፣ ስህተቱ ያንቺ መሆኑን ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትቆሰቁሺዋለሽ? ከቦታው አንድም አቤቱታ አልመጣም። ሰው ሳያመለክት ከመሬት ተነሥቼ መመሪያ አልቀይርም።»

«ካመለከቱስ?»

«ያኔ እናያለን።»

የዓመት ፈቃድ ቅጽ አቀረብኩለት፤ ሳያየው ፈረመ። አሥር ቀን በሚለው ፋንታ አሥር ዓመት ብል ኖሮም ይፈርምልኝ ነበር። የቀበሌያችን ጸሐፊ የይለፍ ወረቀቱን ሲሞላልኝ «ምክንያት?» አለ። «ዘመድ ጥየቃ» አልኩ። ወደዚያ አገር አንድም ዘመድ የለኝም። ያሰብኩት ይህን ነው፦ ውሃው ሳይጎድልና መስከረም ሳይጠባ ከቦታው ሰዎች የጽሑፍ አቤቱታ አምጥቼ መመሪያውን ማስለወጥ። ከዘገየሁ የዚያ ዓመት ዓሣ አለቀ።

ነሐሴ 5

ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ በእኛ ሰፈር በኩል ያልፋል። ደንቡ ግን ተሳፋሪ ከመናኸሪያው ካልሆነ አይጫንም ይላል። ስለዚህ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ሻንጣዬን ተሸክሜ፣ አንድ ዘንጉ የተሰበረ ጃንጥላዬን ይዤ ቁልቁል እስከ መናኸሪያው ወረድኩ። ተሰለፍኩ፣ ተፈተሽኩ፣ ተሳፈርኩ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ አውቶቡሱ አዲሱ ገበያ ላይ ሲደርስ አልማዝን የዳቦ ሰልፍ ላይ ቆማ አየኋት። መስኮቱን ብደበድብም አልሰማችኝም። ጠዋቴን ያጠፋሁት ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ለመድረስ ነው።

ሱሉልታ ሜዳው ውሃ ተኝቶበታል። የእኛ ሰፈር ዝናብ ከእንጦጦ ሲወርድ ድምፁ ቀድሞ ቆርቆሮውን ይመታል፤ ልብስ ለመሰብሰብ ጊዜ ይሰጣል። የዚያኛው ሳይናገር ነው የሚመጣ። ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ ረዳቱ ወርዶ ከፊት ከፊት እየሄደ በፉጨት መራን። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ቄስ ዳዊታቸውን ከዳር እስከ ዳር ደገሙት። ስለዚያ ገደል ብዙ ተጽፏል ይባላል፤ እኔ ያየሁት የረዳቱን ጀርባ ብቻ ነው።

ከገደሉ ወጥተን ኬላ ላይ አስወረዱን። ሻንጣዬን የሚፈትሸው ወታደር የመመሪያውን ቅጂ አገኘና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «የወንዞች አፍ ዝግ ይሁን። ይሄ ምንድን ነው?»

«የዓሣ ነው።»

«ዓሣም መመሪያ ያነባል?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፣ ቄሱም ጭምር። እኔ አልሳቅኩም። ሆኖም እውነቱን ለመናገር ያን ወረቀት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሲያነብ ያየሁት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ጨርሶ አጥፎ መለሰልኝና «መጋቢት ላይ ወንዝ ውስጥ ዓሣ አለ እንዴ?» አለ። የገበሬ ልጅ ነው፣ ያስታውቃል። ወረቀቱን ሻንጣዬ ውስጥ መለስኩት።

ደብረ ማርቆስ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ያደርኩበት ቤት ጣራው ያፈሳል። የእኛም ቤት ያፈሳል፤ እኛ ግን ሳህኑ የት እንደሚቀመጥ እናውቃለን። እዚህ ጠብታው እንደ እንግዳ ቦታ ይመርጣል። ባለቤቲቱ ገብተው አልጋዬን ሲያዩ አንሶላውን ገፈው ወደ ራሳቸው መኝታ ወሰዱኝ። «እኔ መደቡ ላይ እተኛለሁ፤ አንቺ የመንገድ ሰው ነሽ» አሉኝ። እምቢ ብል «ልጄ፣ ቤቱ የማነው?» ብለው አፌን ዘጉት። ስማቸውን አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነሐሴ 6

ቀኑን ሙሉ መንገድ። ሁለት ጊዜ ጎማ ፈነዳ፤ ጎሚስታ የሚባል ነገር በሌለበት አገር ሾፌሩና ረዳቱ በዝናብ ውስጥ ተንበርክከው ለጠፉት። ሴቶቹ መንገድ ዳር ያለ አንድ ቤት አንኳኩተን ተጠለልን፤ የቤቱ እመቤት አሥራ ሁለት ለምንሆን ሰዎች የተቀቀለ ባቄላ አቀረበች። ጉለሌ ቢሆን አሥራ ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች የሚያንኳኩበት ሰው መጀመሪያ ቀበሌ ይጠራል።

ባሕር ዳር ሞቃት ናት፤ ዘንባባ አላት፤ ቅያሷ ቀጥ ያለ ነው። በዚህ አበቃሁ። ማታ ባረፍኩበት ቤት አስተናጋጁን የጾም ምን እንዳለ ጠየቅኩት።

«ዓሣ አለ።»

«እንቁላል አለው?»

«አሁን ሁሉም አለው» አለ ጠረጴዛውን እየወለወለ። «ወቅቱ ነዋ። ወንዝ አፍ ላይ ነው የሚያዝ።»

አስተናጋጁም ያውቃል ማለት ነው። ኬላው ላይ ያለው ወታደር ያውቃል፣ አስተናጋጁ ያውቃል። ያላወቅነው ወረቀቱን የጻፍነውና የፈረምነው ነን። ሽሮ አዝዤ በላሁ።

ነሐሴ 7

በጭነት መኪና ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ሄጄ የጉማራ ድልድይ ላይ ወረድኩ። ውሃው ቡናማ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፣ ሙሉ ግንድ እያንከባለለ ያልፋል። የእኛ ሰፈር ወንዝ በዚህ ወቅት የሚያመጣው የባሕር ዛፍ ቅጠልና የተጣለ ጫማ ነው፤ ከጠራም የሚጠራው ለሁለት ወር ነው፤ ዓሣ ኖሮበት ያውቃል ብሎ የሚነግረኝ ሰው አላጋጠመኝም። ምናልባት ስለዚህ ይሆናል ወንዝ ማለት ለእኔ ወረቀት ላይ ያለ ቃል ብቻ የሆነው።

ከመንገዱ እንደወጣሁ የፎገራ ጥቁር ጭቃ እግሬን ያዘው። የጉለሌ ቀይ ጭቃ ያንሸራትታል እንጂ አይዝም። ይኸኛው ይይዛል። እግሬን ስጎትት የቀኝ ጫማዬ ሶል እዚያው ቀረ። በአንድ እግሬ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት የውሃ እንስራ አዝላ መጣችና አየችኝ።

«እቴ፣ ጭቃው ነው አንቺን የሚበላሽ ወይስ አንቺ ነሽ ጭቃውን?»

ጎንበስ ብላ ሶሉን መንጭቃ አወጣችልኝ። እታገኝ ትባላለች። ወደ ማን እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ዓሣ ወደሚያጠምድ ሰው ሁሉ አልኳት። «እንግዲያ ወደ እኛ ነዋ» አለችና እንስራዋን እንዳዘለች ሻንጣዬንም ነጥቃኝ ፊት ፊት ሄደች።

ባሏን አያ ካሴ ይሏቸዋል፤ ከእሷ በብዙ ዓመት የሚበልጡ፣ ጣቶቻቸው እንደ ሥር የተጠማዘዙ ሰው ናቸው። ጫማዬን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አገላበጡት። «የከተማ ጫማ፤ ከላይ ሰው ነው፣ ከታች ወረቀት» አሉና ወስፌና ከመረብ የተረፈ አረንጓዴ የናይለን ክር አምጥተው መስፋት ጀመሩ።

የጓያ ሽሮ በላን። ስለ ዓሣው ጠየቅኳቸው። እሳቸው የሚናገሩት እየሰፉ ነው። በጋውን ዓሣው ሐይቁ ውስጥ ተበትኖ ይኖራል። የመጀመሪያው ጎርፍ ሐይቁን ሲያደፈርሰው ሽታው ይደርሰዋል፤ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል። በየተራ ነው የሚወጣ፤ ቀድሞ ነጩ የሚሉት ዓሣ፣ ኋላ በዞ የሚባለው፣ እያንዳንዱ በሰሞኑ። ትልቁ ወንዝ ለእሱ መንገድ ብቻ ነው፤ ደለል ስለሆነ እንቁላሉን ያፍነዋል። ወደላይ፣ ጠጠር ወዳላቸው የጠሩ ጅረቶች ይገባል። እዚያ ጥሎ ይመለሳል። ጫጩቶቹ ግን ውሃው እስኪጎድል ኩሬ ኩሬውን ይዘው ይቆዩና ከመስቀል በኋላ ይወርዳሉ። ፈረንጁ በሰላሳ ገጽ የጻፈውን አያ ካሴ አንድ ጫማ እስኪሰፉ ጨረሱት።

«ታዲያ መመሪያው ምን አደረገ?» አልኳቸው።

መልሱን የሰጠችኝ እታገኝ ናት። ከሳጥን ውስጥ የመሠረተ ትምህርት ደብተሯን አወጣች። ቀበሌው በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቃል በቃል ገልብጣዋለች። በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ። የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ነጠላ ሰረዙ እንኳ አልቀረም።

«ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ» አለች። «ወሩ ተሳስቷል፣ መጋቢት ዓሣው ሐይቅ ውስጥ ነው አልኩ። ሊቀመንበሩ ምን አለኝ መሰለሽ? 'አንቺ ፊደል ትላንት ለምደሽ ዛሬ መንግሥትን ታርሚያለሽ?' አለኝ። ሸንጎው በሙሉ ሳቀብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በሁዳዴ፣ ገበያው በደራበት፣ የባሌን መረብ ቀሙት። ዝግ ነው ብለው። አሁን ደግሞ ክፍት ነው ብለው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበሩ በጀልባ መጥቶ የወንዙን አፍ አጠረው።» በእጇ ወደ ባሏ ጠቆመች። «እሱ መረብ የለውም፤ በተቀደደ ቅርጫት ነው የሚለቅም።»

ዝም ማለት እችል ነበር። እንግዳ ነኝ፣ አብልተውኛል፣ ጫማዬ በእጃቸው ነው። ሆኖም ያቺ ሴት ፊደል በቆጠረች በማግሥቱ ያየችውን እኔ በአሥራ ምናምን ዓመት ንባቤ አላየሁም።

«ያን ወረቀት የተየብኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ረቂቁ ቁጥር ነበር። ወደ ወር ስም የለወጥኩት እኔ ነኝ።» ቁጥሩን አስረዳኋቸው።

እታገኝ ደብተሯን ቀስ ብላ ዘጋች። አያ ካሴ ወስፌውን አቁመው እጆቼን ተመለከቱ፤ ፊቴን አይደለም፣ እጆቼን።

«ከሰማይ የወረደ መስሎን ነበር» አሉ። «ለካ ሰው ነው የጻፈው።» ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ጫማውን ሰጡኝ። «በይ ልኪው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 8

አያ ካሴ በደንገል ታንኳ ወደ ወንዙ አፍ ወሰዱኝ። ታንኳ ማለት ውሃ ላይ የተቀመጠ የሣር ነዶ ነው፤ ውሃው ከሥር ይገባል፣ ቀሚስ ይረጥባል፣ አይሰምጥም ይላሉ። ዋና አልችልም። ጉለሌ ያደገ ሰው የት ይዋኛል? ጃንጥላዬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። «እጠፊው፤ ነፋሱ ይዞሽ ሱዳን ይገባል» አሉኝ። አጠፍኩት።

ግማሽ ቀን በጎርፉ ወርደን ሐይቁ ጋ ደረስን። ወንዙ ሐይቁን በሚነካበት ቦታ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ተንሳፋፊ ተደርድሯል። አንድ ረድፍ አይደለም፤ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ። ሁለት የሞተር ጀልባ ያሏቸው የማኅበሩ ሰዎች መረቡን እየሳቡ ዓሣውን ያራግፋሉ። ሁሉም ሆዱ የተወጠረ ነው። የጀልባው ወለል በተረገጠ እንቁላል ቢጫ ሆኗል፤ አንዱ ሰው አዳልጦት ወደቀና ባልደረቦቹ ሳቁበት።

አያ ካሴ መቅዘፋቸውን አቆሙ። «አየሽ፣ እኔም እይዝ ነበር» አሉ። «ቅዱስ ነኝ አልልሽም። ግን መረቤ አጭር ነው፣ ወንዙ ሰፊ። እኔ ስይዝ የሚያልፍ ያልፋል። ይኼ በር ነው። በር ሲዘጋ ማን ይገባል?»

ሦስቱን ረድፍ ቆጥሬ በደብተሬ ያዝኩ። ታንኳው ይወዛወዝ ስለነበር መስመሩ ጠማማ ነው፤ አሁንም ደብተሩ ላይ ይታያል።

ነሐሴ 9

ከእታገኝ ጋር በእግር ሽቅብ ወጣን። ግማሽ ቀን ሄደን ውሃው የጠራ፣ ወለሉ እንቁላል የሚያካክል ጠጠር የሆነ ጅረት ደረስን። ሶሌ ያዘ። ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ውሃ አልፈን አልነቃነቅም አለ።

«ልጅ ሳለሁ በዚህ ሰሞን እንስራ ለመሙላት እግራችንን ስናስገባ ይገፋን ነበር» አለችኝ። «ጀርባቸው ከውሃው በላይ ይታያል። ወንዱ ሴቷን ሲያባርር ውሃው የሚፈላ ይመስላል። እናቴ 'አትንኳቸው፣ አራስ ቤት ነው' ትለን ነበር።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ጠጠሩን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ሁለት ዓሣ ብቻ መጡ። አንደኛው ጎኑ ላይ የመረብ ቁስል አለው። ጠጠሩ ላይ ዞር ዞር አሉና ወደ ጥላው ገቡ። እታገኝ ቆሎ ሰጠችኝ።

ማታ ሰባት ጎረቤቶችን ጠራች። አቤቱታውን እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። እምቢ አልኩ፤ የእኔ ጽሑፍ በዚያ አገር በቂ ጥፋት አድርጓል። የጻፈችው እታገኝ ናት፣ ከደብተሯ መሀል ወረቀት ገንጥላ፣ በትላልቅ ፊደል። አንድ ሁለት ፊደል ተሳስቷል። ላርመው እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ሰባቱ አሻራቸውን አደረጉ፤ ስምንተኛው፣ አያ ካሴ፣ ስማቸውን እንደ ምንም ብለው ጻፉ።

ነሐሴ 10

እዚያው ወዳለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ሻይ አዘዘልኝ፤ ደግ ሰው ነው፣ ይህን መካድ አልችልም። ወሩ የተሳሳተው እንዴት እንደሆነ ስነግረው አልገረመውም።

«እናውቃለን» አለኝ።

«ምኑን?»

«መሳሳቱን። ጓዲት፣ እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ። ዓሣ መቼ ወንዝ እንደሚገባ አጥቼው ነው?»

«ታዲያ ለምን አልጻፉልንም?»

ሻዩን አማሰለ። «ኮታ አለብን። በክረምት ወንዝ አፍ ላይ ካልሆነ ኮታው በየት ይሞላል? ወረቀቱ ደግሞ ክፈቱ አለን። እኛ ትእዛዝ ፈጸምን። በመጋቢትም ዘግተናል፤ ሁለቱንም ፈጽመናል።»

«የሰው መረብ ቀምታችሁ።»

«መመሪያ ነው። የእናንተ መመሪያ።»

ከዚያ ቀን በፊት ስህተት ማለት ባለማወቅ የሚሠራ ነገር ይመስለኝ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር አላውቅበትም፤ ስናደድ ጭራሽ ይጠፋል። በዚያ በጠፋ ድምፅ፣ የተስተካከለ ወረቀት ቢመጣለት ምን እንደሚያደርግ ጠየቅኩት።

«ማኅተም ያለው ወረቀት በደረሰኝ ቀን መረቡን አስነሣለሁ። በዚያው ቀን። ቃሌ ነው» አለና እስከ በሩ ሸኘኝ። ሻዩን አልጠጣሁትም።

ከነሐሴ 11 እስከ 12

መልስ ጉዞው እንደ መሄዱ ነው፤ ጉሙም፣ ኬላውም፣ ፍተሻውም። እታገኝ በጨርቅ የቋጠረችልኝን ዳቦ ከአንድ አስታማሚ እናት ጋር ተካፈልነው፤ ልጇን ጳውሎስ ሆስፒታል ልታስተኛ የምትሄድ ናት፣ ከእኔ ቤት እንድታድር ይዣት ገባሁ። አልማዝ ዓሣ እንዳላመጣሁ ስታይ «ከባሕር ዳር ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው አንቺን አየሁ» አለች። እግሬን አይታ ግን «ጫማሽን ማን ነው እንዲህ ያጠበቀው? የኔንም ይሰፋልኛል?» አለችኝ።

በማግሥቱ ፈቃዴ ሳያልቅ ቢሮ ገባሁ። አቤቱታውን በአለቃዬ ጠረጴዛ ላይ በእጄ አኖርኩ። ስምንቱን ምልክት፣ የእታገኝን ትላልቅ ፊደላት አየ፤ አላነበበም። «ጥሩ ነው፤ ለኮሚቴ ይመራ» አለና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ ጠየቅኩት። ጥቅምት ላይ ይሆናል አለኝ። በጥቅምት ጫጩት ካለ ወደ ሐይቅ ወርዷል፤ ከሌለም የለም።

ወደ ማሽኔ ተመለስኩ። አዲስ መመሪያ ተየብኩ፦ «ከሰኔ ሃያ አራት ቀን እስከ መስከረም ሃያ ቀን የወንዞች አፍ ለማናቸውም መረብ ዝግ ነው፤ የቀድሞው ተሽሯል፤ በእሱ መሠረት የተወሰደ መረብ ለባለቤቱ ይመለስ።» ለፊርማ በሚገቡት ወረቀቶች መሀል፣ ከነዳጅ መጠየቂያና ከሳሙና መጠየቂያ መካከል አስገባሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ ቢያዝ ሊያሳስረኝ ይችላል። ወረቀቶቹ ሦስት ቀን ተኙ፤ የፍልሰታ በዓልም መሀል ገባ። በአራተኛው ቀን አለቃዬ ፊት ቆሜ አንድ አንድ እያልኩ ገለጥኩለት። በስልክ እየተነጋገረ ፈረመ፣ ፈረመ፣ ፈረመ። የእኔ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመብኝ። ቀለም አልቆበት ነው። የእኔን ብዕር ሰጠሁት።

የመጀመሪያውንም እንዲሁ ነበር የፈረመው። በአራት ቀን መንገድ፣ በስምንት ሰው ምልክት ያልተገኘው ነገር በአንድ ባለማንበብ ተገኘ። ከእሱ በኋላ የፈረሙት ሦስቱም፣ ማኅተም ክፍል ያለችው ልጅም አላነበቡትም። ቅጂ አስቀርቼ ኤንቨሎፑን በማግሥቱ አዲሱ ገበያ ላይ አውቶቡሱን አስቁሜ ለሾፌሩ ሰጠሁት። ነሐሴ 18 ነው። በሦስተኛው ቀን ለጽሕፈት ቤቱ እንዳደረሰ ሲመለስ ነገረኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ በስሜ ደብዳቤ መጣ። የደብተር ወረቀት ነው፤ ፊደሉን ገና ሳልከፍተው አወቅኩት። ከሰላምታው በታች ያለው ይኸው ነው፦ «መረቡ የተነሣው ጳጉሜን ሁለት ቀን ነው። የአያ ካሴ መረብ ተመልሷል፣ አይጥ በልቶታል። ጅረቱ ጋ ሄጄ ነበር። በዞ አልፏል። ነጩ አላለፈም።»

«በዚያው ቀን» ብሎ ቃል የሰጠኝ የወረዳው ኃላፊ። ወረቀቱ ከነሐሴ ሃያ እስከ ጳጉሜን ሁለት እጁ ላይ ነበር፤ አሥራ ሁለት ቀን። ሦስቱ የፊርማ ቀናት የአለቃዬ ናቸው። የቀረው ከሰኔ ጀምሮ ያለው ሁሉ የእኔ ነው፤ ለሌላ ሰው አላካፍለውም።

ፋይሉን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ከተሳሳተው መመሪያና ከታረመው መሀል የእታገኝን ደብዳቤ በስቼ አሰርኩት፤ በአለቃዬ መሳቢያ ቀርቶ የነበረውን አቤቱታም አውጥቼ ከኋላው። የገጽ ቁጥር ሰጠኋቸው። የተሳሳቱትን ፊደሎች አላረምኩም።